ባጃጅ ላይ የተንጠለጠለው ሲዲ

«አንቺ ሰው ማስደሰት አልፈጠረብሽም» አለችኝ አንዲት ሙሽራ ባለፈው ሳምንት፣ ፎቶ ቤቴ ቆማ፣ ፊት ለፊት። ፎቶዋን ከማተሜ በፊት ወረቀቱ ላይ የሚወጣውን መልክ በስክሪን አሳይቻት ፈዞባት ነው። የሚወጣው ይሄው ነው አልኳት። ጥላኝ ወጣች። እኔም ቁጭ ማለት አቃተኝ፤ ሐሳቤ ሥራ ወደጀመርኩባት የቆላ ከተማ፣ ወደ ገንዳ ውሃ ሄደ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ጎንደር አጭር የፎቶ ኮርስ ተምሬ እንደተመለስኩ ጋሽ ደሳለኝ ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ። የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነበር። ቆርቆሮው ያፍናል፣ የጭነት መኪናው አቧራ ካሜራው ድረስ ይገባል። ጠዋት ፉል በልቼ አፌን ሳልጠርግ ሥራው ያልቅና ቀኑን ሙሉ ስንቆራጠጥ እውላለሁ።

አንድ ቀን ይግዛው የሚባል ሳሉግ መጣ፤ ሳሉግ የምንለው ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ወባ ጥሎት ሰንብቶ ገና መነሳቱ ነበር። ጎጃም አገሩ ግን ሞተ ተብሎ መርዶው ተነግሯል። እነሱ ቀበሌ ስልክ የለም፤ እሱም ለመንገድ አቅም የለውም።

«እናቴ ተዝካሬን ልታወጣ ነው» አለኝ። በማግሥቱ ጠዋት የሚሳፈር ያገሩ ልጅ፣ በሕይወት መኖሩን እንድታምን ፎቶውን ለእናቱ ሊያደርስለት ነበር።

ሕያው እንዲመስል ከርከዴ፣ ያንን ቀይ የአበባ ሻይ፣ በብርጭቆ አስይዤ አነሳሁት። ስክሪኑ ላይ አማረ። ሲታተም ፊቱ አረንጓዴ ገባው፤ ቀዩ ከርከዴ የቡና አተላ መሰለ። ይግዛው ተቀብሎኝ አየው።

«የኔ እህት፣ ይሄማ የተገነዘ ሰው ነው። ይሄን ካየችማ ፍትሐት አስፈትታ ነው የምትደግሰው።»

ቀይ በግምት እየጨመርኩ ደጋግሜ አተምኩ፤ አንዱ ጡብ፣ አንዱ ጉበት መሰለ። ጋሽ ደሳለኝ ደጃፍ ጥላው ሥር እንደተቀመጡ፣ «ስክሪኑ ላይ ካማረ ምን ያንቆራጥጥሻል?» አሉ።

«ስክሪኑ ጎጃም አይላክም፣ ጋሼ።»

ጎንደር በተማርኩት አጭር ኮርስ፣ እያንዳንዱ ወረቀት ቀለም የሚጠጣበት የራሱ ጠባይ እንዳለው፣ ያንን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ፋይል ፕሮፋይል እንደሚባል ሰምቻለሁ። ወረቀታችን ደግሞ ከድንበር ማዶ፣ ከጋላባት የመጣ አዲስ ዓይነት ነበር። ካርቶኑን ባገላብጠው የሲዲ ሥዕል አለበት፤ ፕሮፋይሉ እሱ ላይ መሆን አለበት።

«ሲዲው የት ሄደ?»

«ያ የሚያብለጨልጨው? ባጃጄ መስታወት ላይ አንጠለጠልኩት። አምሮባታል።»

የጋሽ ደሳለኝን ባጃጅ ፍለጋ ገበያውንም ጤና ጣቢያውንም ዞርኩ፤ ወፍጮ ቤት ጋ አገኘኋት። ሹፌሩ «ኧረ ጌጤን» እያለ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ሲዲው ተጫጭሯል። በነጠላዬ ጠርጌ ከተትኩት፤ ኮምፒውተሩ ብዙ አጓርቶ አነበበው። ፕሮፋይሉን መርጬ የህትመቱን መልክ አስቀድሞ የሚያሳየውን ሳበራ፣ ስክሪኑ ወዲያው ፈዘዘ። ብርሃኑንም ቀነስኩት። አሁን የማየው ወረቀቱን ነበር። ከዚያ ላይ አርሜ አተምኩ።

«ኮምፒውተሬን ገደልሽው» አሉ ጋሽ ደሳለኝ ከኋላዬ ቆመው።

ይግዛው ፎቶውን ደጅ አውጥቶ ከእጁ ጋር አስተያየው። ከሲታ ነው፣ ወባ የደቆሰው ነው፤ ከርከዴው ግን ቀይ ነው፣ ሰውየውም አለ።

«እንዲህ ከሆነ ልጇ ነኝ» አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያገሩ ልጅ ተመልሶ ሱቃችን መጣ። ለተዝካሩ የተጠመቀው ጠላ በእልልታ ተጠጣ አለን። ደስ ብሎኝ ወደ ስክሪኑ ስዞር ብርሃኑ ከፍ ብሏል፤ ፕሮፋይሉም ጠፍቷል።

«ደንበኛ ስክሪኑ ሲያምር ነው እሺ የሚለው» አሉ ጋሽ ደሳለኝ። «ካልተመቸሽ በሩ ያውልሽ።»

«በሩንስ አውቀዋለሁ፣ ጋሼ።»

ሲዲውን ከመሳቢያ አወጣሁና ደጅ የቆመችው ባጃጅ መስታወት ላይ መልሼ አሰርኩት። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ወዴት ነው?» አለ ሹፌሩ።

«መናኸሪያ።»