የአክስቴ ኒካህና የእማዬ ታብሌት

አክስቴ ከኮምቦልቻ ደውላ «ላገባ ነው» ያለች ቀን እማዬ ሳቀች። ስቃ ስቃ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና እንደገና ሳቀች። እኔ ከወጥ ቤት ሮጬ ስመጣ ታብሌቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በስክሪኑ ከምትታየው ታናሽ እህቷ ጋር እየተያዩ ሁለቱም መናገር አቅቷቸው ነበር።

አክስቴ ስድሳን ያለፈች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ልጆቿን ሁሉ ድራለች። እኛ እሷን የምናስባት ለልጅ ልጆቿ ሹራብ ስትሠራ እንጂ እጇን ሂና ስትቀባ አልነበረም።

«ማንን ነው የምታገቢው?» አለች እማዬ ትንፋሿ ሲመለስ።

«ሰው ነዋ!»

«ምን ዓይነት ሰው?»

አክስቴ ትንሽ አሰበች። «ሽማግሌ ነው። ግን ይስቃል።»

ይህች «ግን ይስቃል» የምትለዋ ነገር እማዬን ጨርሳ ገደለቻት። ሳምንቱን ሙሉ ሻይ ስትጠጣም፣ ሰላት ሰግዳ ስትነሳም «ግን ይስቃል» ትልና ለብቻዋ ትፍለቀለቃለች። እኔም ሥራ ቦታ ኮምፒውተሬ ላይ አፍጥጬ ሳለሁ ድንገት ሳቄ ያመልጠኝ ጀመር።

እማዬ ወደ ኮምቦልቻ መሄድ አትችልም ነበር። ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ገና መሻሏ ስለነበር ሐኪሙ ረጅም መንገድ ከልክሏታል። እኔም እሷን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ብቻዋን ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም። ስለዚህ ኒካሁን በታብሌት እናያለን ተባለ። የአክስቴ ትልቋ ልጅ ስልኳን ይዛ ሁሉን ልታሳየን ቃል ገባች።

ታብሌቱ አሮጌ ነው። ድሮ ለሥራ የገዛሁት ነበር። አንድ ማዕዘኑ ተሰንጥቆ በፕላስተር ታስሯል፤ ሲያበሩት ደግሞ ቶሎ አይነሳም፣ እያሰበ ነው የሚነሳው። እማዬ «ትልቁ ስልክ» ትለዋለች። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ከእህቷ ጋር በየማለዳው የምትገናኘው በእሱ ነው፤ ሌላ ነገር አታይበትም።

እና ልክ በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ታብሌቱ ላይ ጽሑፍ መጣ።

«ይኼ ምን ይላል?» አለችኝ መነጽሯን እየፈለገች።

አነበብኩት። «የምትደውይበት አፕ በዚህ ታብሌት ላይ መሥራት ሊያቆም ነው። ሲስተሙን አፕዴት ካደረግነው ግን ይቀጥላል።»

«መቼ ነው የሚያቆመው?»

ቀኑን አየሁት። ከኒካሁ በፊት ያለው ሰኞ ነበር። ነገርኳት።

«ቀንቶ ነው!» አለች እማዬ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ከጽሑፉ ሥር ያለውን ሰማያዊ አዝራር መጫን ብቻ ነው። ግን እዚያው ቢሮዬ ውስጥ አንድ ባልደረባዬ ከኛው ጋር እኩያ የሆነ ታብሌቱን አፕዴት አድርጎ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ አልነሳ ብሎት፣ ሚስቱ ዳቦ ትቆርጥበታለች። ይህን ለእማዬ ነግሬ ሌላ መንገድ አቀረብኩላት።

«በኔ ስልክ እናየዋለን።»

«ሙሽራውን ሽምብራ አሳክለሽ ልታሳዪኝ ነው? የሚስቅ ከሆነ ጥርሱን ማየት አለብኝ።»

«እሺ፣ የቢሮዬን ላፕቶፕ ላምጣ።»

«የመሥሪያ ቤት ዕቃ ፊት እልል አልልም። ነውር ነው።»

ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጎረቤታችን የመቀሌ ሴት ናቸው፤ ከእማዬ ጋር ወዳጅነታቸው ጠዋት ሻይ፣ ከሰዓት ሐሜት ነው። እሳቸውም ጉዳዩን ሰምተው መጡና ታብሌቱን ከሩቅ አዩት።

«ልጄ፣ የሚሠራ ነገር አይነካም» አሉኝ። «የኔ ስልክ እንዲህ እንዲህ ሲለኝ እሺ ብዬው፣ ሁሉ ነገር ቦታውን ቀይሮ የልጄን ቁጥር ሳጣ ሰነበትኩ።»

«ካልነካነው ደግሞ ሰኞ ይዘጋል» አልኳቸው።

«እሱም አለ» አሉና ሐሳባቸውን ጨርሰው ሻይ ቀዱ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች ወደ አንዱ ገባሁ። እዚያ ምድር ቤት ሁለት ስልክ ጠጋኞች አንድ ባንኮኒ ተካፍለው ይሠራሉ። ታብሌቱን አወጣሁና ጠየቅኋቸው።

አንደኛው አገላብጦ አየው። «እኔ ብሆን አልነካውም» አለ። «አሮጌ ዕቃ ላይ አዲስ ሲስተም መጫን የሲኖትራክ ጭነት አህያ ላይ እንደ መጫን ነው።»

«አትስሚው!» አለ ሁለተኛው ከጎኑ። «እሱ የራሱንም ስልክ አፕዴት አድርጎ አያውቅም። ይችላል፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይችላል።»

«ትንሽ? ሻይ አፍልተሽ ጠጥተሽ ትመለሻለሽ!»

«ታዲያ ሻይ መጥፎ ነው?»

እኔን ረስተው እርስ በርሳቸው ተያያዙ። ሰው ቆሞ ያያቸው ጀመር። በመጨረሻ የመጀመሪያው ወደ እኔ ዞረና «ለምን ይሆን የፈለግሽው?» አለ።

«አክስቴ ልታገባ ነው፤ እናቴ በቪዲዮ እንድታያት ነው።»

«ስንት ዓመቷ ነው አክስትሽ?»

«ስድሳን አልፋለች።»

ሁለቱም ክርክራቸውን ትተው ተያዩ። ከዚያ ያ «አልነካውም» ያለው ሰውዬ ከት ብሎ ሳቀ። «በቃ አድርጊው!» አለኝ። «እሷ ደፍራ እኛ እንፍራ?» ሲሰናበቱኝ ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ፦ ታብሌቱ ሞልቷልና ቦታ መልቀቅ አለብኝ፤ ሲጭን ደግሞ ቻርጅ መጨረስ የለበትም።

ቅዳሜ ከሰዓት ከእማዬ ጋር ሶፋው ላይ ተቀምጠን ቦታ ለመልቀቅ ፎቶዎቹን ከፈትን። እማዬ ታብሌቱን ስትይዝ ጣቷ በማይሆን ቦታ ስለሚያርፍ፣ ሳታውቀው እያወራች ስክሪኑንም ቤታችንንም ፎቶ ስታነሳ ኖራለች። የኮርኒሳችን ፎቶ ስፍር ቁጥር የለውም። የራሷ አገጭ አለ። የአክስቴ ግንባር፣ የአክስቴ አንድ ዓይን፣ አክስቴ ስታዛጋ፣ አክስቴ ሙዝ ስትልጥ።

«ይኼን አጥፊው» ትላለች እማዬ። ከዚያ «ቆይ ቆይ፣ ሙዟን ተይልኝ።»

እንዲህ እያልን ስናጠፋ እማዬ እጄን ያዘች። «እስቲ ይኼን አስፊው።»

አሰፋሁት። ከአክስቴ ትከሻ ኋላ፣ ወንበሩ ላይ፣ አንድ ባርኔጣ ተቀምጧል፤ የወንድ ባርኔጣ። ሌላ ፎቶ ከፈትን፤ ባርኔጣው እዚያው አለ። ወደ ኋላ ሄድን፤ በክረምቱ ፎቶ ላይ ባርኔጣው በሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ከጎኑም ዣንጥላ ቆሟል። አንዱ ላይማ ሻይ የያዘ እጅ ከጎን ገብቶ ይታያል፤ ሌላው አካል የለም፤ እጅ ብቻ።

እማዬ ታብሌቱን ጠጋ አድርጋ እጁን አየችው። «ለካ ከክረምት ጀምሮ አብሮን ሲያወራ ነበር!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ደወለች። አክስቴ ገና ፊቷ ሳይጠራ እማዬ «አንቺ! ያ ባርኔጣ የማን ነው?» አለቻት።

«የቱ ባርኔጣ?»

«ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው!»

አክስቴ ዞር ብላ ወደ ኋላዋ አየች። ባርኔጣው በዚያች ደቂቃም እዚያው ወንበር ላይ ነበር። እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ከዚያ የሰማነው ጨለማ ውስጥ የሚመጣ ሳቅ ብቻ ነው፤ የእሷና የአንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ሳቅ። እኔና እማዬ ሶፋው ላይ ተደጋግፈን ሆዳችንን ያዝን። ፎቶዎቹን አጥፍተን ስንጨርስ የባርኔጣዎቹን ግን አንዱንም አልነካንም፤ ወደ ስልኬ አዛወርኳቸው።

እሑድ ተረጋግቼ አፕዴቱን ላስጀምር አስቤ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ኢንተርኔቱ ቀኑን ሙሉ አልሠራም። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ «ማታ ስመለስ አደርገዋለሁ፤ እንዳትነኪው» አልኳት። እማዬም «እኔ ምን አውቄ?» አለችኝ።

ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ጎረቤታችን ናቸው።

«ልጄ፣ ነይ ቶሎ። እናትሽ ነክታዋለች።»

«ምኑን?»

«ሰማያዊውን ነገር! ጥቁር ሆኖ ትንሽዬ መስመር እየሄደ ነው።»

ለአለቃዬ ታብሌት አፕዴት እየተደረገብኝ ነው ማለት አልቻልኩም። «ቤት ውስጥ አስቸኳይ ነገር ገጥሞኛል» አልኩና ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ሚኒባሱ መገናኛን አልፎ በሲኤምሲ መንገድ ሲንፏቀቅ እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ እየሳቅኩ ነበር። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ዓይታኝ ዓይታኝ እሷም ሳቀች፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችኝም።

ቤት ስገባ ሁለቱ ሴቶች ታብሌቱን መሐል አድርገው ተቀምጠዋል። እማዬም ጎረቤታችንም የየራሳቸውን መቁጠሪያ ይዘዋል። መስመሩ ግማሽ ደርሷል።

«ለምን ነካሽው እማዬ?»

«ብነካው አይሻልም? አንቺ ስትፈሪ ሰኞ አልደረሰም?»

ሌላ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት ማቀዝቀዣው ዝም አለ። መብራት ጠፋ።

«ቻርጁ ስንት ነበረው?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። ቀይ ነበር መሰለኝ ሰክቼ ስጀምረው።»

ታብሌቱን እንደ ሕፃን አቅፌ ወጣሁ። የኛ ቤት አንደኛ ፎቅ ነው፤ ከሥር ምድር ላይ ጄኔሬተር ያላት የሴቶች ፀጉር ቤት አለች። «እኔም እመጣለሁ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። እማዬ በከዘራዋና በጎረቤታችን ትከሻ ተደግፋ ደረጃውን መውረድ ጀምራለች። ተመለሺ ብላት እንደማትሰማኝ አውቃለሁ።

የፀጉር ቤቷ ባለቤት ሳትጠይቀን የፀጉር ማድረቂያውን ከሶኬቱ ነቅላ የኛን ቻርጀር ሰካች። ቢጎዲን የተጠቀለለላት ደንበኛዋ «ምን ሆኖ ነው?» አለች። ነገርናት። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሥራውን ትቶ ታብሌቱን ከበበ። መስመሩ ሄደ፣ ቆመ፣ ሄደ። ሞላ። ስክሪኑ ጠፋ።

ጠብቀን ጠብቀን ምንም የለም። ጎረቤታችን «ወይ ኣነ» አሉ በትግርኛቸው ቀስ ብለው። እማዬ እጄን አጥብቃ ያዘችኝ፤ ያኔ ነው እውነትም እንደፈራች ያወቅኩት። የዳቦ መቁረጫውን አስቤ እኔም ሳቄ ጠፋ።

ድንገት በራ። እንኳን ደህና መጡ የሚል ጽሑፍ ወጣ።

እማዬ እልልታዋን ለቀቀችው። ፀጉር ቤቱ ተቀበላት። ባለ ቢጎዲኗ ደንበኛ ከሁሉም በላይ ጮኸች። በመንገዱ የሚያልፍ ሰውዬ በበሩ አንገቱን አስገብቶ «ማን ነው ያገባው?» ሲል «አክስቴ!» አልኩት። «እንኳን ደስ ያላችሁ!» ብሎን ሄደ።

የኒካሁ ቀን እማዬ ከማለዳ ጀምራ ለብሳ ተቀመጠች። ጎረቤታችንም የሀበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። ታብሌቱን በሁለት ትራስ አስደግፌ ደወልኩ። እውነት ነው፣ ይዘገያል፤ አንዱን ነገር ነክተው መልሱን እስኪሰጥ ሁለት ቃል ማውራት ይቻላል። ግን ሠራ። የአክስቴ ልጅ ስልኳን ይዛ በሴቶቹ መሐል አሳለፈችን፤ ሂና የተቀቡ እጆች፣ ትሪዎች፣ ልጆች፣ ከዚያ አክስቴ። አረንጓዴ ሻርፕ ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ልክ እንደ አሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አፍራ።

«ቀና በይ!» ብላ ጮኸች እማዬ። «ስድሳ ዓመት ያየሁትን ፊት አሁን ልትደብቂኝ?»

ኒካሁ ታስሮ ካበቃ በኋላ ሙሽራው ወደ ሴቶቹ ክፍል ገቡ። ረጅም፣ ሽበታም ሰው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አድርገዋል። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ ምስሉ ደርቆ ቀረ። አፋቸው እንደተከፈተ፣ ጥርሳቸው እንዳለ፣ ስክሪኑን ሞልተው ቆሙ።

እማዬ መነጽሯን አስተካክላ ተጠጋች። ረጋ ብላ ከዳር እስከ ዳር መረመረች።

«ሁሉም አሉ» አለች ለጎረቤታችን።

«ያምራሉ» አሉ ጎረቤታችን።

ምስሉ ሲመለስ ሰውዬው ተንበርክከው እየሳቁ ነበር። ለካ ምስሉ ቢደርቅም ድምፃችን አልተቋረጠም። «እትዬ፣ የታችኞቹ ሁለቱ የኔ አይደሉም፤ የሐኪም ናቸው» አሏት።

እማዬ መጀመሪያ አፈረች፤ ከዚያ ኮስተር ለማለት ሞከረች። «እህቴን እንዳያስለቅሱብኝ።»

«እሷ ናት እኔን በሳቅ የምታስለቅሰኝ» አሉ ሙሽራው፤ ከኋላቸው አክስቴ ሻርፗን አፏ ውስጥ ከታ ትንፈራፈራለች።

እዚያ ማዶ ድቤው ተመታ። ጎረቤታችን ማጨብጨብ ጀመሩ። እማዬ ጉልበቷ ተከልክሏል፤ ትከሻዋ ላይ ግን ሐኪሙ ምንም አላለም ነበርና እንደተቀመጠች እስክስታውን ወረደችው። በወጣትነቷም እንኳ እንዲህ ስትጨፍር አይቻት አላውቅም። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ስስቅ፣ ታብሌቱ ዘግይቶ ዘግይቶ፣ እህቷም በዚያ ወገን ትከሻዋን ስትነቀንቅ አሳየን።