የቲቸር ጫልቱ ኩላሊት

የበግ ኩላሊት ፍም ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚሸተው የሞራው ጭስ ነው። ከሥሩ ያቺ የሽንት ሽታ ትከተላለች፤ ሰው ሁሉ እያወቃት ዝም ይላታል። ዘንድሮ በፋሲካ ጠዋት፣ አምቦ እናቴ ቤት፣ ወንድሜ አንዱን ኩላሊት ከሰል ላይ ሲጥለው ሽታው ይዞኝ ሰባተኛ ክፍል ገባ። ሁለተኛውን ከእጁ ነጠቅኩት።

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬም አልተውሽም?" አለኝ።

አልተውኩም። ቲቸር ጫልቱ ናት ያስለመደችኝ።

የባዮሎጂ አስተማሪያችን ነበረች። አጭር፣ ፈጣን፣ የጋዋኗ ኪስ ሁልጊዜ በቀይ ጠመኔ የተለወሰ። አንቱ ስንላት "ገና አላረጀሁም እኮ፣ እናንተ!" ብላ ስለምትቆጣ አንቺ እያልናት ለመድን። ትምህርት ቤታችን ከዴስክና ከሰሌዳ በቀር ምንም አልነበረውም። ስለዚህ በየበዓሉ ማግስት ከየቤታችን እርድ ኩላሊት በፌስታል ይዘን እንድንመጣ ታዘናለች። የሰፈሩ አባወራ ምን ያህል እንደረገማት አትጠይቁኝ! ኩላሊት የአራጁ ድርሻ ነው፤ ገና እጁን ሳይታጠብ ጨው ነስንሶ የሚቀምሰው። አባቴ "ሴትዮዋ ደሞዝ የላትም እንዴ?" እያለ ያጉረመርማል፤ ግን ይሰጠኝ ነበር።

የዚያን ቀን ክፍሉ ስብ ስብ ይሸታል፣ ዝንቡ አይጣል ነው። እሷ ሞራውን በምላጭ እየገፈፈች "ቀዩ ቧንቧ ደም ያስገባል፣ ሰማያዊው ያስወጣል" ትላለች። ሰሌዳው ላይ ለአንድ ኩላሊት አንድ ቀይ መስመር ታሰምራለች። አንድ ጊዜ ከደጋዋ ከተማ ከጎጆ በመጣ በግ ኩላሊት ላይ ሁለት ቀይ ቧንቧ አገኘንና ጮህን። አየችው፣ ሳቀች።

"የጎጆ ብርድ ነዋ፣ ደርቦ ነው" አለች። "ለፈተና ግን አንድ ነው።"

ታላቅ ወንድሟ ኦቦ ገመቹ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ከእኛ ጋር አጥር እንጋራለን። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጓትም ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው፤ ሌላ እህት ወንድም የላቸውም፣ ልጆቻቸውም ያኔ ገና ትንንሽ ነበሩ። ኩላሊታቸው ሥራውን ሲያቆም ለእጥበት አዲስ አበባ መመላለስ ጀመሩ። ከሚኒባስ ሲወርዱ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ሰው ደግፏቸው ነበር። ያኔ ነው አዲስ አበባ ከዘመድ ኩላሊት ወስዶ መትከል ተጀመረ የሚል ወሬ የመጣው። ቲቸር ጫልቱ ሌሊቱን እንኳ አላሰበችበትም።

"ሁለት አለኝ አይደል? አንዱ የእሱ ነው" አለች።

ሰፈሩ መርቆ፣ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶ ላካት። የኦቦ ገመቹ ሚስት አዴ ብርቄ እግሯ ላይ ወድቀው ሳሙ።

ደሟ ተስማማ፣ ጤናዋም ደህና ነበር። መጨረሻ ላይ የደም ሥሯን በሲቲ ስካን ሲያዩት ግን ወደ ግራ ኩላሊቷ ሁለት ቀይ ቧንቧ ይገባል፣ ወደ ቀኙ ሦስት። አንዱን ቧንቧ ቆርጦ ሌላ ሰው ላይ መስፋት ራሱ ጭንቅ ነው፤ ከቀጫጭኖቹ አንዷ ከተዘጋች የኩላሊቱ አንድ ወገን ይሞታል። ሐኪሞቹ አንደፍርም አሏት። ተመልሳ መጥታ ይህንኑ ተናገረች፤ ማን ይመናት!

"የጎደለው ሰው አልሰጥም ቢል ይገባኛል" አሉ አዴ ብርቄ። "ትርፍ ያለው ሰው እንዴት አይሰጥም?"

ሰፈሩም ፈርታ ነው አለ። በቃ፣ ፈርታ ነው።

ኦቦ ገመቹ ክረምቱን አልዘለቁም። ድንኳን ውስጥ አዴ ብርቄ ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ አወረዱ፦

ሁለት በሬ ጠምዳ እህትህ ስታርስ፣
አንዱን ነፍጋህ ሄድክ ወይ አፈር ልትለብስ።

ድንኳን ሙሉ ሰው ወደ ቲቸር ጫልቱ ዞረ። አንገቷን ደፍታ ቀረች፤ ወንድሟን እንኳ ጮክ ብላ አላለቀሰችም። እኔ ከእናቴ ጎን ነበርኩ። ያ ግጥም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ክፍል የተመለሰች ቀን ሰሌዳው ላይ ሁለት ኩላሊት ሳለች። ለግራው ሁለት ቀይ መስመር፣ ለቀኙ ሦስት።

"ቲቸር፣ ይሄ የማን ነው?" አለ አንዱ።

"የእኔ።"

ከዚያ "ለፈተና አንድ ብላችሁ ጻፉ" አለችና ፊቷን ወደ ሰሌዳው እንዳዞረች ቆመች። ደወል እስኪደወል ወደ እኛ አልዞረችም። በሚቀጥለው ፋሲካ ከየትኛውም ቤት ኩላሊት አልመጣም። አባቴም ከለከለኝ። ዝውውር ጠይቃ ጎጆ ገባች፤ እዚያ ብርድ ውስጥ ብቻዋን ኖረች፣ ባለፈው ክረምት በሳንባ ምች ሞተች። ከአምቦ ለቀብሯ የሄድነው እፍኝ አንሞላም። አዴ ብርቄ አልመጡም።

አሁን እኔም ጉደር ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ፋሲካ ሲደርስ እናቴ ጋ እመጣለሁ። አዴ ብርቄም ልጆቻቸው ርቀው ስለሄዱ እኛ ጋ ነው የሚፈስኩት። ዘንድሮም በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጡ ነበር። እኔ ሞራውን ስገፍፈው ሁለት ቀይ ቧንቧ ብቅ አለ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ እንደ ክር የቀጠነ።

"እሱ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ደም የሚያስገባው ነው፣ አዴ።"

"ሁለት ነው እንዴ?"

"አንዳንዱ በግ እንዲህ ነው። አንዳንዱ ሰውም።"

ቢላዋቸውን አስቀመጡ። በሽንኩርት የራሰ ጣታቸውን ሰደው ቀጭኑን ነኩት፤ ሳይታወቃቸው ሳብ ሲያደርጉት ተበጠሰ።

"ይሄን ነው መስፋት ያልደፈሩት?"

"ይሄን ነው።"

"እሷ ስትነግረኝ የነበረው ይሄንን ነው?"

ኩላሊቱን ወደ እሳቸው አስጠጋሁት።

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። "ጫልቱ ኮ" አሉ በኦሮምኛ፣ የእኔ ጫልቱ ማለታቸው ነው። በፋሲካ አይለቀስም፤ ጌታ በተነሳበት ቀን ነውር ነው። እናቴ ግን አልከለከለቻቸውም፤ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች። ከሰሉ ላይ የነበረው ኩላሊት አርሮ ጭሱ ግቢውን ሞላው። የሚያነሳው ጠፋ።