በግፊ የተነሳው ጂፓችን

አሮጌ የጦር ጂፕ ቁልፍ የለውም። ይህን ለሰው ሁሉ ማስረዳት እወዳለሁ፤ ወታደር በጥድፊያ ሰዓት ኪሱን እንዳይዳብስ ፊት ለፊቱ ያለችውን ማብሪያ ማዞር ብቻ ይበቃዋል። እኔና ወንድሜ ከአሜሪካ ሠራዊት ጨረታ ያመጣነውን ጂፕ ግሌንዴል ባለው አፓርታማችን ፓርኪንግ ውስጥ ስንፈታና ስንገጥም ከረምን። እኔ ከትምህርት ቤት፣ እሱ ከታክሲው እየተመለስን ካርቡሬተሩን አጠብን፣ ካንዴላዎቹን ቀየርን፣ የዛገውን ሰርባቶዮ አጽድተን ቤንዚን ሞላንበት። የተፈታውን ብሎን ሁሉ በየጣሳው ለይቼ ስም ስለጥፍበት ወንድሜ ይስቅብኛል።

ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን ተቃጠለ፤ ያዘዝነው ምትክም አልደረሰም። የአፓርታማው ማናጀር ጂፑ እስከ ቅዳሜ ማታ ካልወጣ ቶው አስደርጋ እንደምታስጎትተው ነገረችን። ኦሮራ፣ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ጋራዥ ያለው ወዳጃችን ቦታ ሊሰጠን ፈቅዷል፤ ግን እየተነዳ ከመጣ ብቻ ነው። «ሬሳ አልቀበልም» ብሎናል። ስለዚህ በግፊ ማስነሳት የግድ ሆነ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ማኅበር ነበራት። ጉዳያችንን ሲሰሙ ማኅበርተኞቹ በሙሉ ወረዱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። አዛውንቱ የጎረቤታችን አባትም እጅጌያቸውን ሰብስበው ከኋላ ሲቆሙ ሁሉም ተንጫጫ፤ እሳቸው ሊገፉ ነው እንዴ፣ ነውር ነው! ለክብራቸው ሲባል አባባን መሪው ላይ አስቀመጥናቸው።

በግፊ ሲነሳ ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፣ ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ መኪናው ሲፈጥን ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል፤ ያኔ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። እኛ እያለከለክን ፓርኪንጉ ጫፍ ድረስ ገፋን። አባባ ፍሪሲዮኑን እንደረገጡ ደርሰው ፍሬን ያዙ። ወደ ኋላ መልሰን እንደገና ገፋን፤ እንደገና ያው ሆነ። ፀሐዩ ወደ ተራራው እያዘቀዘቀ ነው፤ ማናጀሯም በሩ ላይ ቆማለች። ይውረዱ ለማለት ግን የደፈረ የለም።

«አንቺ ቲቸር፣ ንገሪያቸው እንጂ» አለኝ ወንድሜ በሹክሹክታ።

ቀርቤ የማርሹ ጥርሶች እንዴት እንደሚያያዙ በጣቶቼ እያሳየሁ ማብራራት ጀመርኩ። ትንሽ ሰሙኝና እጃቸውን አነሱ።

«ገባኝ ልጄ። አሜሪካ ከመጣሁ ፍሪሲዮን ረግጬ አላውቅም፤ እግሬ ረሳው እንጂ እኔ አልረሳሁም። አጠገቤ ተቀመጪና ሲደርስ ንገሪኝ። ማብራሪያው ይብቃ።»

ተቀመጥኩ። እንደገና ሲገፉን ጂፑ ከፊተኞቹ ሁለት ሙከራዎች ይበልጥ ፈጥኖ የተንደረደረ መሰለኝ።

«ይልቀቁት!»

ጂፑ እንደ ፈረስ ዘለለ፣ አሳለው፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ሞተሩም ያዘ። ከኋላችን እልልታው ቀለጠ። ታርጋውንና ኢንሹራንሱን አስቀድሜ ስለጨረስኩ የቀረን መውጣት ብቻ ነበር። መሪውን ለወንድሜ ይልቀቁለት ይሆን ብዬ ሳስብ አባባ ቀደሙኝ። «ከቆምን ይጠፋል» አሉና ወደ በሩ አዞሩት። ማናጀሯ ፈገግ ብላ ዘወር አለችልን።

ወንድሜ በታክሲው እየተከተለን በሁለተኛ ማርሽ እያጓራን ኮልፋክስ ገባን። ቀይ መብራት ባየን ቁጥር ሞተሩ ሊጠፋብን ነው እላለሁ፤ አባባ ግን ፍሪሲዮን ረግጠው ቤንዚን እየሰጡ ያቆዩታል። ከአስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ሰዎች በስልካቸው ያነሱናል።

የጋራዡ ባለቤት ድምፁን ሰምቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ጥጉን በእጁ አመለከተን። አባባ ግን አልገቡም።

«ከማጥፋታችን በፊት» አሉኝ፣ እጃቸው ማርሹ ላይ እንዳለ፣ «ሦስተኛው ወዴት ነው? አሁን አብራሪልኝ።»