ለቁስለኛ የተከለከለ ውሃ

የታሰርንበት ቤት ከእኛ በፊት የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በስሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ነጫጭ ፍሬዎች ቀርተዋል፤ ሲረጥቡ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ያወጣሉ። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር አንድ ብሎኬት የተነሣበት ቀዳዳ አለ፤ ብርሃኑም ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድም የሚገቡት በእሱ ነው። ስገባ ሃያ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሃያ ሦስተኛ ሆንኩ።

የተያዝኩት ደብረ ታቦር ውስጥ ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ከተማው ውስጥ የተበተነ ወረቀት ከእኛ ማሽን ወጥቷል ተባለ። ማን እንዳመጣው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ፤ እውነትም አላውቅም ነበር። ለዚህ መልስ ግራ ጆሮዬ ላይ መቱኝ። እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማም።

ደንበኞቻችን አብዛኞቹ የነርስ ተማሪዎች ነበሩ። የማባዛውን ሁሉ አነባለሁ፤ ከአሥረኛ ክፍል ወዲያ የተማርኩት በዚህ መንገድ ነው፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ቃል በቃል። ስለ ሰውነት ፈሳሽና ስለ ደም አሲድ የሚያስረዳውን ጽሑፍ በየዓመቱ ስለሚያስነሡት እኔም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

በአራተኛው ቀን ከመካከላችን አንዱን ንጋት ላይ ለምርመራ ጠሩት። ከጉና ሥር ድንች የሚያመርት፣ በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጥ ሰው ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሁለት ሰዎች በብብቱ ይዘው አምጥተው ወለሉ ላይ ጣሉት። ጭኖቹ አብጠው ሱሪው አልወልቅ ስላለ ስፌቱን በጥርሳችን ቀደድነው። የገረፉት በኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ቆዳው ብዙ ቦታ አልተላጠም፤ እንደ ጉበት ጠቁሯል። ስነካው እንደ እንጨት ይጠጥራል።

"ውሃ" አለ።

የክፍሉ ካቦ የድሮ ወታደር ነበሩ። በቀን አንድ ጀሪካን ውሃ ይገባል፤ የሚያድሉት እሳቸው ናቸው። ጀሪካኑን ወደ ጀርባቸው አደረጉት።

"ቁስለኛ ውሃ አይሰጠውም። ግንባር ላይ አይቻለሁ። ለምኖን ያጠጣነው ሁሉ እጃችን ላይ ነው የቀረ።"

በእኛ አገር ይህን የማያምን የለም። ሌሎቹ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ አበሱለት። ካቦው ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ነበር የከለከሉት።

ረፋድ ላይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሸና። ሁለት ጣት አይሞላም። መልኩ ጥቁር ጠላ ነው። ትንፋሹን ቆጠርኩ። ደረቱ አልተመታም፤ ግን ዳገት ሮጦ እንደወጣ ሰው በረጅሙና በፍጥነት ይተነፍሳል። ሁለቱንም ምልክት አውቃቸዋለሁ፤ በዚያ የነርሶች ጽሑፍ አንድ ገጽ ላይ ናቸው። እያወቅሁ ዝም አልኩ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። የቀዳዳው ብርሃን ከግድግዳው ወደ ወለሉ እስኪወርድ፣ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ዝም አልኩ።

"ጋሼ፣ ውሃ ካላገኘ ይሞታል" አልኩ በመጨረሻ።

"ነርስ ነህ?"

"አይደለሁም። ፎቶ ኮፒ ነው የማነሣው።"

ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሾፌር ሳቀ። "በሉ እንግዲህ፣ በፎቶ ኮፒ መታከማችን ነው!"

"ሥጋው ተቀጥቅጧል" አልኩ። "ከተቀጠቀጠው ሥጋ የሚወጣው ነገር ደም ውስጥ ገብቶ ኩላሊቱን እየደፈነው ነው። የሚያጥበው ውሃ ብቻ ነው። ደሙ አሲድ በዝቶበታል፤ እንዲህ የሚያለከልከው በትንፋሽ ሊያስወጣው ነው። አንቱ ያዩት ሆዱን የተመታ ይሆናል፣ ጋሼ። የዚህ ሆዱ ደኅና ነው።"

ሾፌሩ ከስንቁ ሙዝ ልጦ ወደ በሽተኛው አፍ አስጠጋ። እጁን ያዝኩት።

"ሙዝም አይብላ። ፖታሲየም የሚባል ጨው አለው። ሽንት ካልወጣ እሱ ተጠራቅሞ ልብ ያቆማል።"

"ኧረ በማርያም! ውሃ ይጠጣ፣ ሙዝ አይብላ! የት አገር ሕክምና ነው?"

"ቢሞትስ?" አሉኝ ካቦው።

"ተጠያቂው እኔ ነኝ።"

"አንተ ምን ትሆናለህ? የሚሞተው እሱ።"

ተነሥቼ በሩን አንኳኳሁ። ዘበኛው ሲከፍት ለታመመ ሰው ውሃ እንዲጨምሩልን ጠየቅሁ። አወጣኝና ጠጠር ላይ አንበረከከኝ። የኤሌክትሪክ ገመዱን እጁ ላይ ጠቀለለ።

"ስንት ሊትር ይበቃዋል፣ ዶክተር?"

"ስድስት" አልኩ። ልክ የመሰለኝን ነው የነገርኩት።

ስድስት ጊዜ ጀርባዬን መታኝ። "ይቺ ደግሞ ምርቃት" ብሎ ሰባተኛውን ሲያሳርፍ ቀኝ እጄን ወደ ጀርባዬ መለስኩ፤ ትንሿ ጣቴ ተሰበረች። ከዚያ አንድ ባልዲ ሙሉ ውሃ አምጥቶ ፊት ለፊቴ አፈሰሰው። ጠጠሩ ጠጣው።

ስመለስ ካቦው ጣቴን አዩ። ከነጠላቸው ጫፍ ቀደው ከጎረቤቷ ጣት ጋር አሰሩልኝ። ጀሪካኑን ጎትተው አጠገቤ አኖሩት።

"ከእኔ ድርሻ ጀምር።"

"የእኔንም ጨምርለት" አለ ሾፌሩ። "ደግሞ ሙዙን እኔው በላሁት፣ አትቆጣ።"

ሌሎቹም አንድ በአንድ ድርሻቸውን ተዉ።

"ወንድም ዓለም፣ አንዴ ተጎንጭ" እያልኩ በቆርኪ አጠጣሁት። አስመለሰው። ጠብቄ ደገምኩ። ከረፋዱ ወዲያ ያን ቀን አንድ ጠብታ አልሸናም። ሃያ አንድ ሰው ከንፈሩ እየደረቀ ያየኝ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ "ልሽና" አለ። ጠርሙሱን አቀረብኩ።

"ተኝቼ አይደለም። አቁሙኝ።"

ሾፌሩና ሌላ ሰው በብብቱ ገብተው አነሡት። ካቦው "ፊታችሁን አዙሩ!" ብለው አዘዙ። ቤቱ በሙሉ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ የያዙትም ሳይቀሩ አንገታቸውን አዞሩ። ዘበኛው በበሩ ሽንቁር አይቶ "ምን ሆናችሁ?" አለ። አንድም ሰው ዘወር አላለም። እኔ ጠርሙሱን ብቻ አየሁ።

"ስንት ሆነ?" አሉ ካቦው፣ ፊታቸው ግድግዳው ላይ እንዳለ።

"ከግማሽ አለፈ።"

"መልኩስ?"

"ሻይ።"

"ወፍራም ወይስ ቀጭን?"

"ቀጭን፣ ጋሼ።"

አንዱ "ተመስገን" አለ፤ ሌላው "አልሐምዱሊላህ"። በሹክሹክታ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ገበሬውን ስሙን ጠርተው ወሰዱት። ግድግዳ እየያዘ በራሱ እግር ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ከተፈታሁ በኋላ ወደ ጉና ሄጄ ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ። የሚሉኝን ፈርቼ ነው። ያን ሁለት ሰዓት ቀድሜ ተናግሬ ቢሆን የምፈራ አይመስለኝም።

አሁን ሰው ታመመ ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ሸንቷል ወይ ብዬ ነው። ዘመድ ይስቃል፤ እናቴ ታፍርብኛለች። እኔ ግን መልሱን ሳልሰማ አልቀመጥም።