ወይ ሁለታችን፣ ወይ ማናችንም

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ የኔን ጋቢ ለብሰው ከቤቴ ወጡ። የራሳቸው ወንበር ላይ ቀርቷል። ሁለቱም ከአንድ ሸማኔ እጅ ስለወጡ አልፈርድባቸውም።

እሳቸው ገበሬ ናቸው። እኔ ሰበታ ላይ በሱቅ ያረጀሁ፣ ፊደል እየለቀምኩ የምጽፍ ሰው ነኝ።

በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ልጄ ሰሚራ አዲስ አበባ ሄዳ የማስተርስ ጥናቷን የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። መንገዱ ተዘግቷል፣ ታክሲ የለም። ከቀረች ልፋቷ መና መቅረቱ ነው። ኦቦ ቶሎሳ በማለዳ መጥተው ከጋቢዎቻቸው አንዱን ወረወሩልኝ።

«ብርድ ነው፣ ተከናነብ። ብቻችሁን አትሄዱም።»

የሽምብራ እሸት እየፈለፈልን በእግር ወደ ፉሪ አቀናን። ጥናቷ ስለ ብርሃን ነው። ጥፍር በምታህል የመስታወት ቁራጭ ውስጥ ለብርሃን ቦይ ይቀደድለታል አለችን። ሁለት ቦዮች በሚጠጋጉበት ቦታ ሁለት የብርሃን ፍሬዎች እኩል ከደረሱ፣ ወይ ሁለቱም በቀኝ ወይ ሁለቱም በግራ ይወጣሉ።

«ውሃ እንኳ ቦዩ ሲከፈል ይለያያል» አልኳት።

«አንዱ ከዘገየ ወይ ቀለሙ ከተለየማ ሊለያዩ ይችላሉ፣ አባ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ግን አብረው ናቸው። በጣም ሲበዙ ደግሞ ስሌቱ ኮምፒውተርንም ያስጨንቃል።»

«ብርሃን እንደ ሽምብራ ይቆጠራል? አላምንም!»

ኦቦ ቶሎሳ ሳቁ። «አባትሽ ከድር የሚያምነው ሚዛኑን ብቻ ነው፤ እሱንም ሁለቴ መዝኖ።»

ፉሪ ልንገባ ስንል ወጣቶች መንገዱ ላይ ድንጋይ ደርድረው ቆመዋል።

«ገበሬ ይለፍ፣ የመሬት ደላላ ይመለስ» አለ አንዱ በኦሮምኛ። ሁለታችንን ተራ በተራ ተመለከተን፤ አንድ ዓይነት ጋቢ፣ አንድ ዓይነት ሽበት። «ገበሬው ማነው?»

ደላላ አይደለሁም ልል አፌን ስከፍት ኦቦ ቶሎሳ እግሬን ረገጡኝ።

«አካም ቡልተን፣ ልጆቼ» ብለው የማለዳ ሰላምታ ሰጧቸው። «አትለዩን። ወይ ሁለታችን እናልፋለን፣ ወይ ሁለታችን እንመለሳለን።»

ከተማው ይወስደዋል ከተባለው መሬት ውስጥ የሳቸው ማሳም ነበረበት። ከልጆቹ ጎን ቢቆሙ ማን ይወቅሳቸው ነበር?

ልጁ አንድ ድንጋይ በእግሩ ገፋ። «እለፉ፣ አባቶቼ።»

«አየህ፣ አባ?» አለች ሰሚራ ጆሮዬ ስር።

«ዝም ብለሽ ሂጂ!»

ደረሰች፤ ጥናቷንም አቀረበች። ዛሬ እሷም ሌሎችን ታስተምራለች። የብርሃኑን ነገር እስካሁን በዓይኔ አላየሁትም፤ መከራከሩን ግን ትቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርላት እፈልጋለሁ። የብርሃን ፍሬዎቹ አብረው የሚወጡት የትኛው የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው። ኦቦ ቶሎሳ ግን እኔ ማን እንደሆንኩ፣ እሳቸው ማን እንደሆኑ አሳምረው እያወቁ ነው አጠገቤ የቆሙት።

ጋቢዬን መልሱ አልላቸውም። ብርድ ነው፤ የሳቸውን ለብሼ እጠብቃቸዋለሁ።