በርበሬዎቹ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ወልቂጤ፣ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ለስብሰባ ብለው ከመጋዘን አንድ የቆየ የድምፅ ማጉያ አወጡ። ሠራተኛው ሶኬቱን ሰክቶ ጥቂት እንደቆየ ሽታው መጣ። ውስጡ የተኛው አቧራ ሲሞቅ የሚሸተው ነው፤ ትንሽ የተቃጠለ ፀጉር፣ ትንሽ ደግሞ ዝናብ የነካው አፈር ይመስላል። ሌሎቹ አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ሲከፍቱ እኔ ወንበሬን ወደ ማጉያው አስጠጋሁ። አርባ ያለፋት፣ መነጽር ያደረገች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንደዚያ ስትሆን ያየ ምን እንዳለ እንጃ።

እንዳትስቅብኝ እንጂ እኔ በልጅነቴ ቡታጅራ ውስጥ የሮክ ባንድ ዘፋኝ ነበርኩ። ለስለስ ያለውን ዓይነት አይደለም የምልህ። ጊታሩ የሚያጓራበት፣ ድራሙ ደረት የሚደልቅበት፣ ዘፋኟ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ የምትጮህበትን ነው።

ባንዱን ያቋቋመው የልብስ ሰፊው ልጅ ነው። አባቱ ገበያው አጠገብ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሰልባጅ ልብስ ያጠባሉ፣ ያሳጥራሉ። አንድ ቀን ለጥገና ከመጣ የቆዳ ጃኬት የውስጥ ኪስ ውስጥ ካሴት ወጣ። ጽሑፉ ተፍቆ ነበር፤ የማን ሙዚቃ እንደሆነ እስከ መጨረሻውም አላወቅንም። ልጁ ወስዶ ቴፕ ውስጥ ሲከተው የወጣው ጩኸት አስደነገጠው።

«ቴፑ የተበላሸ መስሎኝ ፈታሁት» ይለን ነበር እየሳቀ። «ደህና ነው። ለካ ሰዎቹ ናቸው እንደዚያ የሚጫወቱት!»

ያኔ ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባለች ክፍል የድሮው ኪነት ቡድን ዕቃዎች አቧራ ለብሰው ተቆልለው ነበር። የልብስ ሰፊው ልጅ ሬዲዮ መጠገን ይችል ስለነበር የቀበሌውን ሊቀመንበር ለምኖ አስከፈታት። ሁለት ጊታር፣ ቆዳው የላላ ድራም፣ አንድ ትልቅ ማጉያ አገኘ። የማጉያው ስፒከር ተቀዶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ስፒከሩን ይቀይር ነበር፤ እሱ ግን ጊታሩን ሲሰካበት ያ የካሴቱ ጩኸት ቁልጭ ብሎ ወጣለት፤ አልነካውም። ክፍሏም መለማመጃ ሆነች።

ድራም የሚመታው የበርበሬ ነጋዴው ልጅ ነበር። የአባቱ መጋዘን ከመለማመጃችን ጋር ግድግዳ ይጋራል። የማረቆ በርበሬ በማዳበሪያ ሲገለበጥ ብናኙ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባና ሁላችንንም ያስነጥሰናል። ሠፈርተኛው ዓይናችን ቀልቶ፣ አፍንጫችንን እየጠረግን ስንወጣ እያየ «በርበሬዎቹ መጡ» ማለት ጀመረ። ስማችን በዚያው ጸና። ቤዝ ጊታሩን ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ይመታ ነበር። የመጀመሪያው ዘፋኝ ደግሞ የካሴቱን እንግሊዝኛ እንደመሰለው የሚደግም ልጅ ነበር፤ አጎቱ መርካቶ ሱቅ ሊያስገባው ወሰደውና ባንዱ ያለ ዘፋኝ ቀረ።

የልብስ ሰፊው ልጅ እኔን ያገኘኝ ከዚያ በኋላ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። በእረፍት ሰዓት መጣና ፊቴ ቆመ።

«ትናንት ቦኖ ላይ ወረፋ የቀደመችሽን ሴትዮ የተቆጣሽው አንቺ ነሽ?»

«ብሆንስ?»

«እኛ ሠፈር ድረስ ተሰማ። ዘፋኝ ጠፍቶብናል።»

ተሰድቤ ይሁን ተመስግኜ ሳይገባኝ ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ቆርቆሮው የድሮ ምስማር ቀዳዳ ስለነበረው ፀሐይዋ በቀጫጭን ጨረር ትገባለች፤ በጨረሩ ውስጥ ቀይ ብናኝ ይንሳፈፋል። አዛን ሲሰማ የበርበሬ ነጋዴው ልጅ ዱላዎቹን አስቀምጦ ይወጣል፤ እኛም ማጉያውን አጥፍተን እስኪመለስ በረንዳ ላይ ተቀምጠን የዘቢዳርን ተራራ ጉም ሲለብስ እናያለን። በሕይወቴ እንደነዚያ ቅዳሜዎች ያለ ደስታ ብዙ አላውቅም።

የልብስ ሰፊው ልጅ በሁለተኛው ሳምንት እንዲህ አለኝ፦ «በማይገባን ቋንቋ መጮህ ይብቃን። አንቺን የሚያስጮህ ነገር የለም?»

«እህቴ» አልኩት ሳላስብ።

ታላቅ እህቴ ቤይሩት ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። መጀመሪያ ደብዳቤ ትልክ ነበር፤ ከዚያ ቀረ። እናቴ በየሳምንቱ ፖስታ ቤት ትሄዳለች፤ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ገና ከበር ሲያያት ራሱን ይነቀንቅላታል። ሞባይል የሚባል ነገር ገና ከተማችን አልገባም።

«በይ እሱን ጩኺው» አለኝ።

ግጥሙ ግጥም አይባልም። «ደርሰሻል ወይ? በልተሻል ወይ? አለሁ በይኝ ብቻ» የሚል ነው። «አለሁ በይኝ» የምትለዋ ላይ ጊታሩ አብሮኝ ያጓራል። መጀመሪያ ቀን ስሞክረው ድምፄ ተሰብሮ አለቀስኩ። ማንም አላጽናናኝም። የበርበሬ ነጋዴው ልጅ ብቻ «እንደገና» አለና መምታት ጀመረ።

መምህሩ ወዲያው ተቀየረ። ጊታሩን የተረከበው የጎሚስታው ልጅ እጁ ጎማ ጎማ ይሸት ነበር፤ አራት ሳምንት ሙሉ አንድ መስመር ብቻ እየደጋገመ ተማረ። ሰው በተለወጠ ቁጥር የልብስ ሰፊው ልጅ ከሀ ይጀምራል፤ ሲሰለች አይቼው አላውቅም።

በቀጣዩ ዓመት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ፣ ትምህርት ቤቱ ዓመቱን ሲዘጋ ወላጆች በተሰበሰቡበት አዳራሽ እንድንጫወት ፈቀዱልን። በመጀመሪያው ዘፈን ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ይዘው ወጡ። አንዲት እናት «ኧረ ልጆቼ፣ ምን ነካችሁ?» ሲሉ ከመድረክ ሰማኋቸው። ሁለተኛው የእህቴ ዘፈን ነበር። መሃል ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ። ማጉያው ጸጥ፣ ማይኩ ጸጥ። የበርበሬ ነጋዴው ልጅ ግን አላቆመም። ድራሙ ብቻውን ቀጠለ። ዞር ስል የልብስ ሰፊው ልጅም ጣቶቹ ድምፅ በሌለው ክር ላይ እየሮጡ ነው። በአገጩ «ቀጥዪ» አለኝ። ማይኩን አስቀምጬ በባዶ ጉሮሮዬ «አለሁ በይኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ከኋላ ወንበር እናቴ ተነሣች። መምጣቷንም አላወቅኩም ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ «ልጄን! ኧረ ልጄን አምጡልኝ!» አለች። በየወንበሩ ያሉ ሴቶች አብረዋት ማልቀስ ጀመሩ፤ ስንቱ ቤት ዓረብ አገር ልጅ እንዳለው ያን ቀን ገባኝ። መብራቱ ሲመጣ አንድም ሰው አላጨበጨበም። ከዚያ ቀን በላይ ትልቅ ሆነን አናውቅም።

እህቴ ከዓመታት በኋላ በሰላም መጣች። ዘፈኑን ግን ሰምታው አታውቅም።

አዳራሹ ውስጥ ወልቂጤ ላይ አዲስ ሆቴል የከፈተ ሰውዬ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ እኔንና የጎሚስታውን ልጅ ለብቻ ጠራን።

«ድምፅሽ ወርቅ ነው» አለኝ። «ሥራ እሰጣችኋለሁ። ያንን የሚያጓራውን ልጅ ግን ተዉት። ሰው ምግብ እየበላ ጆሮው ሊደማ አይችልም። ኪቦርድና ድራም የሚጫወቱ እኔ አመጣለሁ።»

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልመጣልኝም ነበር፤ ይህ እውነት ነው። እናቴም ደክሟት ነበር። ግን አልዋሽህም፤ «ወርቅ» ያለኝ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። እሺ አልኩት።

ለልብስ ሰፊው ልጅ ልነግረው ወደ አባቱ ሱቅ ሄድኩ። የአንድ ሱሪ ዚፕ እየቀየረ ነበር። አባቱ ከማሽናቸው ኋላ ተቀምጠዋል። በቆምኩበት ሁሉንም አንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። አባቱ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። እሱ ዚፑን ጨርሶ ከፍ ዝቅ አድርጎ ሞከረው።

«የበርበሬ ነጋዴው ልጅ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«አንቺው ንገሪው። ከሌላ ሰው አይስማ።»

ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አመጣልኝ። ስዘፍንበት የነበረው፣ ሦስቴ ፈትቶ የጠገነው ማይክ ነው። «የሆቴሉ ማይክ ምን ዓይነት እንደሆነ አይታወቅም። ይሄን ለምደሽዋል» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የበርበሬ ነጋዴው ልጅ ግን አልራራልኝም። «ወላሂ፣ ይሄን ካንቺ አልጠበቅኩም» አለና ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጋዘን ገባ። ተከትዬው አልገባሁም።

ሆቴሉ ውስጥ ሰው ሲያገባ የሠርግ ዘፈን፣ ሲመረቅ የምርቃት ዘፈን ዘፈንኩ። ድራመሩ በየሁለት ወሩ ይለወጣል። የጎሚስታው ልጅ ሹፌር ሆኖ ሄደ። ዓመት ሳይሞላ ከበርበሬዎቹ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስማችን ግን በሆቴሉ በር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር። አንድ ከሰዓት ለልምምድ ስገባ ከእኔ የምታንስ ልጅ ማይኩን ይዛ ቆማለች። ኪቦርዱን የሚጫወተው ልጅ አንገቱን ደፋ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። በርበሬዎቹ ያለ እኔም ሌላ ሁለት ዓመት ዘፈኑ፤ ከዚያ ሆቴሉ ሲታደስ በሩም ተቀባ።

ኮርስ ወሰድኩ፤ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ። ቡታጅራ የምሄደው ለእናቴ ነበር፤ በገበያው በኩል ግን አላልፍም። እናቴን ወልቂጤ ካመጣኋት በኋላ ያም ቀረ።

ከልብስ ሰፊው ልጅ ከተለያየን ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ቡታጅራ ተላክሁና እግሬ ራሱ ወደ ገበያው ወሰደኝ። ከአባቱ ሱቅ ጎን «ሬዲዮና ሞባይል ጥገና» የምትል ክፍል ነበረችው። ከስቷል። አየኝና የሚበይድበትን ካውያ አስቀመጠ።

«ወፍረሻል» አለኝ።

«አንተ ከስተሃል።»

«ኩላሊቴ ነው። ተቀመጪ።»

ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። የበርበሬ ነጋዴው ልጅ የአባቱን መጋዘን ወርሶ አራት ልጆች እንዳሉት ነገረኝ። ደንበኛ መጣ፣ ሄደ። መጨረሻ ላይ ለዓመታት የተሸከምኩትን አወጣሁት።

«ያን ጊዜ ያደረግሁብህን ነገር… ይቅር በለኝ።»

ቶሎ «ምንም አይደል» አላለኝም። እያሰበ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ተቀይሜሽ ነበር» አለኝ። «ሁለት ዓመት ያህል። ጊታሩን ሳነሣ ፊትሽ ይመጣብኛል፤ ስለዚህ አላነሣሁትም። በኋላ ቅያሜው ሲወጣልኝ ጣቶቼ ረስተው አገኘኋቸው።»

ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ብሎኖች አንድ በአንድ ሰበሰብኩለት።

«አንቺስ ትዘፍኛለሽ?»

«ልጆቼን ሳስተኛም አልዘፍንም።»

«ያሳዝናል» አለ፤ ከልቡ ነበር።

መነኻሪያ ድረስ ሸኘኝ። ቦርሳዬን እኔ ልያዝ ስለው እምቢ አለ፤ በየጥቂት እርምጃው እየቆመ፣ ጫማውን የሚያስተካክል እየመሰለ ትንፋሹን ይሰበስባል። ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ ረዳቱን «ይቺ እህቴ ናት፣ መስኮት አጠገብ አስቀምጥልኝ» አለው። መኪናው እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ። እጁን እንኳ አላውለበለበም።

በቀጣዩ ክረምት አረፈ። እኔ ግን አልሰማሁም። የሰማሁት ወልቂጤ መነኻሪያ ላይ ያገኘኋት የቡታጅራ ሴት በወሬ መሃል «ነፍሱን ይማረውና» ስትል ነው። አርባው እንኳ አልፎ ነበር። በማግስቱ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ፣ መኪና እየቀያየርኩ ሄድኩ። የጥገናው ክፍል ተዘግቶ ቁልፉ ላይ አቧራ ነበረበት። አባቱ ግን ሱቃቸው ውስጥ ነበሩ። አርጅተዋል፤ ደንበኛ እየለኩ ነበር። ነጠላዬን አዘቅዝቄ በር ላይ ስቆም ወዲያው ለዩኝ። ልጃቸውን ጥዬ የሄድኩ ቀን ያዩኝን አስተያየት አስታውሼ ከደጃፉ አላለፍኩም።

«አባባ፣ አልሰማሁም ነበር» አልኩ። «አሁን ገና ነው የሰማሁት። ለቅሶው አለፈኝ።»

ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። ደንበኛውን «ነገ ና ልጄ፣ ለቅሶ ላይ ነን» አሉት። የሱቁን በር ግማሹን ዘጉ፤ ከኋላ ሚስታቸውን ተጣሩ፤ ሁለት ዱካ ጎን ለጎን አደረጉልኝ።

«እኛ አልቅሰን ወጥቶልናል» አሉኝ እጄን ይዘው እያስቀመጡኝ። «አንቺ ገና ነሽ። ብቻሽን አታለቅሺም።»

እናቱም ወጥተው ሌላኛው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ከዚያም ሦስታችን፣ ለእኔ ሲባል፣ እንደ አዲስ አለቀስንለት።