አሳማው ራስ ላይ የተደፋው አበባ

ከአሳማ ስብ ጋር የተቀላቀለ የአናናስ ሽታ ሲመጣብኝ እስከ ዛሬ መንገድ እቀይራለሁ። በናይንቲዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ሆቴል በግብዣ አስተናጋጅነት እሠራ ነበር። የምኖረው ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል የሚባል ሰፈር ስለነበር ቅዳሜ በጠዋት ተነስቼ እስከ ፍሪሞንት በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ሰመር ሲገባ የኮምፒውተር ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው «የሃዋይ ግብዣ» የሚሉትን ምሳ መዋኛው ዳር ያዘጋጃሉ። እኛ አስተናጋጆቹ አበባ የታተመበት ሸሚዝ ለብሰን፣ አንገታችን ላይ የፕላስቲክ አበባ እናጠልቃለን። ጠረጴዛው መሀል ሙሉ አሳማ ከነራሱ ተጠብሶ ይጋደማል።

እኔ የወሎ ሙስሊም ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ለሱፐርቫይዘራችን ነገርኳት።

«ኖ ፕሮብለም፣ አንተ መጠጥ ላይ ትሆናለህ» አለችኝ።

ከአሳማ ሸሽቼ ቢራ ላይ ወደቅኩ። ሳህን ማንሳቱ ደግሞ አልቀረልኝም። የተጋጠ አጥንት፣ ስብ ላይ የተተረኮሰ ሲጋራ፣ ታኝኮ የተተፋ ቆዳ። ጓንት አድርጌም ቢሆን ቤቴ ስገባ እጄ እስኪቀላ እታጠብ ነበር።

ሙዚቀኞቹ ሁለት ነበሩ፤ ሃዋይ ተወልደው በወጣትነታቸው ኦክላንድ የገቡ ባልና ሚስት። ባልየው ዕድሜያቸውን ሙሉ መርከብ ሲበይዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ግዙፍ፣ ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ጊታራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ክሩ ላይ ብረት ያንሸራትታሉ፤ ድምፁ እየተሳበ፣ እየተለጠጠ ይሄዳል። ሚስትየው ኡኩሌሌ የሚባለውን ትንሽ ባለ አራት ክር ጊታር እየመቱ ይዘፍናሉ። ሆቴሉ የሚያስቀምጣቸው ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ከቆሻሻ በርሜሎቹ ጎን ነበር። ዝንብ ይወራቸዋል። የሚያዳምጣቸው የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላዳምጥም ነበር፤ የሚያስተኛ ሙዚቃ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እንግዶቹ ሳይመጡ፣ እኔ በረዶ በባልዲ ይዤ ሳልፍ፣ ባልና ሚስቱ ለራሳቸው አንድ ዘፈን ይሞክሩ ነበር። ቆምኩ። የሴትየዋ ድምፅ ከሌላው ጊዜ ዝቅ ያለ ነበር፤ ጊታሩ ከኋላ ከኋላቸው ይከተላቸዋል። ሲጨርሱ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ስለ እናቴ ሰፈር ዝናብ ነው» አሉኝ ሴትየዋ። «እኛ አገር ዝናብ በየዓይነቱ ስም አለው። ይሄኛው ቀጭኑ ነው፣ ፀሐይ እያለ የሚወርደው።»

«እኛም ለቀጭኑ ስም አለን፤ ካፊያ እንለዋለን።»

«ካፊያ» ብለው ደገሙት፣ እየሳቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲያዩኝ የሚጠሩኝ በዚሁ ነበር።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የዕለቱ ኩባንያ አለቃ ሱሪው ላይ የሣር ቀሚስ አገልድሞ፣ ደረቱ ላይ ሁለት የኮኮናት ቅርፊት አስሮ መጣ። ፊቱ በቢራና በፀሐይ ቀልቷል። ሴትየዋ እየዘፈኑ ሳለ ማይክራፎኑን ነጠቃቸውና ቋንቋቸውን ያስመስል ጀመር፤ «ሁላ ቡላ ዋካ» እያለ። የኩባንያው ሠራተኞች በሳቅ ፈረሱ።

«ነይ ጨፍሪልን!» አላቸው።

«ጉልበቴን ያመኛል፣ ጌታዬ» አሉት ቀስ ብለው።

ሁለት እጁን ማስለቀቅ ፈለገና ዞር ብሎ እኔን አየኝ። «አንተ፣ ይቺን ያዝልኝ» ብሎ ማይኩን ሰጠኝ። ያዝኩለት። ሴትየዋን ጎትቶ ሲያስነሳቸው ተደናቀፉ፤ ወንበር ይዘው ነው የተረፉት። እሱ ግን አንገታቸው ላይ የነበረውን የአበባ ጉንጉን ሳበው። የእሳቸው እንደኛ ፕላስቲክ አልነበረም፤ ከግቢያቸው ለቅመው በእጃቸው የጎነጎኑት ነው። ወስዶ አሳማው ራስ ላይ ደፋው።

«አሁን ቆንጆ ሆነች!» ብሎ ጮኸ።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ። አፌ ራሱ ተከፈተ፤ ሥራው ያስተማረኝ ሳቅ ነበር። ሳቄ በያዝኩት ማይክ ገብቶ በድምፅ ማጉያው ሲወጣ ሰማሁት።

ሽማግሌው መጫወት አቆሙ። ብረቱን ኪሳቸው ከተው፣ ተነስተው፣ በሰዉ መሀል አልፈው ጉንጉኑን ከአሳማው ራስ ላይ አነሱት። ስብ ይንጠባጠብ ነበር። ለሚስታቸው ሰጧቸው። እሳቸውም ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሱፐርቫይዘሯ እየሮጠች መጥታ «ፕሊዝ፣ ሙዚቃው እንዳይቋረጥ» አለች። ተቀምጠው የቀረውን ሰዓት ተጫወቱ።

ይሄ መጫወታቸው ነው ያንገበገበኝ። ዕቃቸውን መኪና ድረስ ስሸከምላቸው አላስቻለኝም፤ «ለምን ጥለው አልሄዱም? እንዴት ለእነዚህ ቆሻሾች ይጫወታሉ?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ድምፅ ማጉያውን ከእጄ ተቀበሉኝ። «ማይኩን የያዝከው አንተ አይደለህም?» አሉኝ፤ ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

«ተወው፣ ልጅ ነው» አሉ ሚስትየው። ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ ነበር።

ወጥ ቤት ዕቃ የሚያጥቡ አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ነበሩ፣ እትዬ የምላቸው። ስነግራቸው እጃቸውን ከውኃው ሳያወጡ «ታዲያ ሳቅክ?» አሉኝ።

«ሳቅኩ፣ እትዬ።»

«እግዚኦ» ብለው ማጠባቸውን ቀጠሉ።

በሳምንቱ እሑድ፣ አድራሻ ጠይቄ፣ ባልና ሚስቱ የሚጫወቱበት ኦክላንድ ያለ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። ሃምሳ የማይሞሉ ያገራቸው ሰዎች ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ብረቱን ክሩ ላይ ሲያሳርፉ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ የሕፃን ድምፅ እንኳ የለም። ሴትየዋ ወንበር ላይ ሆነው በእጃቸው ብቻ ጨፈሩ፤ ጣቶቻቸው ዝናቡን ያወርዱታል። ፊት ለፊቴ የተቀመጠ፣ ክንዱ ግንድ የሚያህል ሰው ያለቅስ ነበር። እኔ ግን ደስ አላለኝም። በእያንዳንዱ ዘፈን መሀል የራሴን ሳቅ በድምፅ ማጉያው እሰማ ነበር።

ምግብ ሲቀርብ ሴትየዋ ሳህን ሞልተው አመጡልኝ። «ይሄ ዓሣ ነው፣ አትፍራ፤ ያንን እንደማትነካ አይቻለሁ» አሉኝ። ለይቅርታ ያዘጋጀሁትን ቃል ትቼ ሳህኑን ተቀበልኳቸው። በላሁ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ሱፐርቫይዘሯን ከሃዋይ ግብዣ እንድታወጣኝ ብለምናት እምቢ አለች፤ በመስከረም ሥራውን ለቅቄ ኤርፖርት መኪና ማቆሚያ ገባሁ። በሚቀጥለው ሰመር እትዬን አውቶቡስ ላይ አገኘኋቸው። የሽማግሌው ጣቶች በቁርጥማት ተይዘው መጫወት እንዳቆሙ ነገሩኝ።

«በእነሱ ቦታስ ማን ገባ?» አልኳቸው።

«ማንም። ካሴት ነው የሚከፍቱት፤ እዚያው በርሜሎቹ ጋ አስቀምጠውት።»

«እንግዶቹ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ፣ ልጄ? ማንም ልብ አላለውም።»